የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ለወንጌል ተልእኮ ባሕር ማዶ ሲሄዱ ቀኑ እንዴት ይውላል?

ጥያቄ፦ በጎንደር ማራኪ አካባቢ የምኖር ነርስ ነኝ። የማገለግልበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ከሌሎች አገልጋዮች ጋር ለሦስት ሳምንት ወደ ዩጋንዳ፣ ከማሳካ ከተማ ወጣ ብላ ወደምትገኝ የገጠር አጥቢያ ሊልከኝ ነው። ለስብከቱና ለጸሎቱ በቂ ዝግጅት ተደርጎልናል፤ ሆኖም ቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ምን እንደምንበላና እኔም በሙያዬ ምን ልሠራ እንደምችል የነገረን የለም። እናቴ ደግሞ ወባውን እጅግ ፈርታለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎ ብዙ ቡድኖች ሳይጠይቁት የሚሄዱበት ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ከሦስቱ ሳምንት ውስጥ ስብከት የሚይዘው ጥቂቱን ሰዓት ነው። የቀረው ውኃ በመቅዳት፣ ምግብ በማብሰል፣ መኪና በመጠበቅና ሰው ቤት በእንግድነት በመቀመጥ ያልፋል፤ የጋበዟችሁ ምእመናን አመላችሁን የሚያውቁትም በዚያው ሰዓት ነው። ይህንን የጎንደር ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1830 ወደ ከተማችን የመጣው ስዊዘርላንዳዊው ሚሲዮናዊ ሳሙኤል ጎባት እዚህ በቆየባቸው ወራት ብዙ ጊዜውን ያሳለፈው ወደ ማረፊያው የሚመጡትን ካህናትና ሊቃውንት ተቀብሎ በማነጋገር ነበር። ይዞት የመጣው የአማርኛ ወንጌልም ቢሆን የኢትዮጵያዊው የአቡ ሩሚ የትርጉም ሥራ ነው። እንግዳው ከባለ አገሩ ድካም ውጭ የሚሠራው ብዙ እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እናንተም የምትሄዱት ወንጌልን ወዳልሰማ ሕዝብ አይደለም። ማሳካ ወደምትገኝበት የቡጋንዳ ንጉሣዊ ግዛት ቤተ መንግሥት የመጀመሪያዎቹ የአንግሊካን ሚሲዮናውያን የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1877 ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1887 ባሉት ዓመታት ደግሞ በርካታ ወጣት አማኞች በንጉሥ ምዋንጋ ትእዛዝ ስለ እምነታቸው ተገድለዋል። ዩጋንዳውያን በየዓመቱ ጁን 3 ቀን ናሙጎንጎ በሚባለው የመታሰቢያ ቦታ ተሰብስበው ያስቧቸዋል። ስለዚህ ቡድናችሁ የራሱን ፕሮግራም ጽፎ ይዞ ከመሄድ ይልቅ የአጥቢያው መሪዎች ያወጡትን ፕሮግራም ጠይቆ ቢቀበል ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ቀኑ ውሎ ልመለስ። ማሳካ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ ከምሽቱም አንድ ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ጨለማ ሳይለቅ ተነሥቶ የጥሞና ጊዜን መጨረስ መልካም ነው፤ ከነጋ በኋላ ቤቱ በሥራ ይሞላልና ብቻ መሆን አይገኝም። ደስ የሚለው ነገር የአካባቢው ቋንቋ የሉጋንዳ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። በእንግሊዝኛ ሲቀጥሯችሁ ግን የሚናገሩት በፈረንጁ አቆጣጠር ስለሆነ ቀጠሮውን ደግማችሁ አረጋግጡ።

ከቁርስ በኋላ የቤት ለቤት ጉብኝት ወይም የሕፃናት ትምህርት ሊኖር ይችላል። ቡድናችሁ ከመውጣቱ በፊት ግን ከቤቱ ሴቶች ጋር ውኃ ይቅዱ፣ ዕቃ ይጠቡ። «እንግዳ ናችሁ፣ ተቀመጡ» ሊሏችሁ ይችላሉ፤ እኛም ቤት እንዲሁ ይባላል፣ ነገር ግን ለብዙ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ማብሰልና ማጠብ ምን ያህል እንደሚያደክም የጎንደር እናቶች ያውቁታል። የምግቡን ወጪ የላካችሁ ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ ለአጥቢያው መሪ በግልጽ ልትከፍል ይገባል። የሚያስተናግዳችሁ ቤተሰብ ስለ እናንተ ተበድሮ ዶሮ እንዲያርድ መተው፣ በእኔ እምነት፣ ከባድ በደል ነው።

እንጀራ አታገኙም። የዘወትር ምግቡ ማቶኬ ነው፤ ያልበሰለ ሙዝ ተልጦ፣ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ በእንፋሎት ይበስልና ይላቆጣል። ፖሾ የሚባለው ጠንከር ያለ የበቆሎ ገንፎም ከቦሎቄ ወይም ከኦቾሎኒ ወጥ ጋር ይቀርባል። የቀረበላችሁን አመስግናችሁ ብሉ፤ በርበሬ ከሻንጣ አውጥቶ በባለቤቲቱ ፊት መነስነስ ያስከፋል። ስጦታ መውሰድ ከፈለጉ ቡና ይውሰዱ። ማሳካ ራሷ ቡና አብቃይ ናት፣ በባጋንዳ (በቡጋንዳ ሕዝብ) ባህልም እንግዳን የሚታኘክ ቡና ሰጥቶ መቀበል የቆየ ልማድ ነው፤ ስለዚህ የእኛን አፈላል አብራችሁ ተቀምጣችሁ ብታሳዩ ከየትኛውም ዕቃ የበለጠ ያቀራርባችኋል።

ሴቶች ለታላላቆች ተንበርክከው ሰላምታ ሲሰጡ ያያሉ። ከእርስዎ ያንኑ ባይጠብቁም ዝቅ ብሎ ሰላም ማለት፣ ረጅም ቀሚስም መልበስ አክብሮትዎን ይገልጻል። በእሑድ አምልኮ እንግዶች ተነሥተው ስማቸውንና ከቤተ ክርስቲያናቸው የመጣውን ሰላምታ መናገር የተለመደ ስለሆነ አጭር ቃል ተዘጋጅቶ ይቆያችሁ። በአስተርጓሚ ስትናገሩ ሰዓቱ በእጥፍ ይረዝማል፤ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያም ወደ ሉጋንዳ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። የጎንደር ሰው ንግግሩን በተረትና በቅኔ ማጣፈጥ ቢወድም በዚያ መድረክ ላይ አጫጭርና የተሟላ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ሙያዎን በሚመለከት ያለኝ ምክር ጥብቅ ነው። በኢትዮጵያ የተሰጠዎት ፈቃድ በዩጋንዳ በሽተኛ እንዲያክሙ አያስችልዎትም። ከሚመለከተው የአገሩ መሥሪያ ቤት ጊዜያዊ ፈቃድ በቅድሚያ ካልተገኘ መርፌ አይውጉ፣ መድኃኒትም አያድሉ፤ የጤና ትምህርት መስጠት ከፈለጉም ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ጋር ተነጋግረው ይሁን። እርስዎ ተመልሰው ከሄዱ በኋላ የበሽተኛውን ጉዳት የሚሸከሙት እነርሱ ናቸውና።

የእናትዎ ሥጋት ትክክል ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ማሳካ ግን ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ትላለች፣ ወባም ዓመቱን ሙሉ አለባት። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ የሚወርዱ ደገኞች እንደሚጠነቀቁት ሁሉ በመድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ ይተኙ፤ የመከላከያ መድኃኒቱን ሐኪም ይምረጥልዎ። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘልዎ ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ፣ በየቀኑ ተወስዶ፣ ከተመለሱም በኋላ ለ4 ሳምንት ይቀጥላል፤ ብዙዎች የሚያቋርጡት ይህንን የመጨረሻውን ክፍል ነው። ጎንደር ገብተው ትኩሳት ቢሰማዎት በዚያው ቀን ደምዎን ይመርመሩ፣ ከየት እንደመጡም ለሐኪሙ ይንገሩ። የቢጫ ወባ ክትባት ደግሞ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ የምስክር ወረቀቱ ድንበር ላይ ይጠየቃል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ውኃ ውስጥ አትግቡ፤ በጣና ዳርቻ የምናውቀው ቢልሃርዝያ በዚያም አለ።

ጥያቄ፦ እኔም የዚሁ ቡድን አባል ነኝ። የላከችን ቤተ ክርስቲያን የአገልግሎቱን ፎቶ በየዕለቱ እንድንልክ ጠይቃለች። የሕፃናትን ፎቶ መላክ ይገባል?

መልስ፦ ወላጆቻቸውና የአጥቢያው መሪ ሳይፈቅዱ አይገባም። ቢፈቀድም የታመመ፣ የተራቆተ ወይም ያለቀሰ ልጅ አታንሡ፤ ስሙንና የሚኖርበትን ቦታም ከፎቶው ጋር አትጻፉ። ለቤተ ክርስቲያናችሁ ደግሞ በየዕለቱ መላኩ ቀርቶ በሳምንት አንድ ጊዜ የጽሑፍ ሪፖርት ብትልኩ፣ ፎቶውንም የአጥቢያው መሪ አይቶ የመረጠው ብቻ ቢሆን እመርጣለሁ። ከመነሣታችሁ በፊት ይህንን ከሽማግሌዎች ጋር ተስማሙበት።