ልጁ ገና አምስት ዓመቱ ነው

ከአዘዞ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ከላይ እስከ ታች የባለቤትሽ ክስ ነው። የአምስት ዓመት ልጃችሁ ኬጂ ውሎ ሲወጣ ማጠናከሪያ አስገብተሽዋል፣ ቅዳሜ ደግሞ እንግሊዝኛ። እሱ «ይቅርበት፣ እናቴ ጋ ይዋል» ሲልሽ «ለልጁ ግድ የለውም» አልሽ።

የኔ ዓይን ያረፈው ግን ሌላ ቦታ ነው። የእህትሽ ልጅ እንግሊዝኛ ማንበቧን ሦስት ጊዜ አንስተሻል። ልጅሽ ሌሊት መሽናት መጀመሩን በአንድ መስመር አልፈሽዋል። ምን እንደሚወድ፣ በምን እንደሚስቅ ደግሞ የትም የለም።

ቅድመ መደበኛ ትምህርት በጣም ይጠቅማል፣ በዚህ አንጣላም። ግን የሚጠቅመው በምኑ ነው? እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ የፔሪ ቅድመ መደበኛ ፕሮግራም ተጀመረ። ጥናቱ 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆችን እስከ 40 ዓመታቸው ተከታትሏል። ፕሮግራሙ የደረሳቸው ልጆች በአእምሮ ፈተና ያገኙት ብልጫ ትምህርት ቤት ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ጠፋ። ሲያድጉ ግን ካልደረሳቸው ይልቅ ሥራ የያዙት በዙ፣ የታሰሩትም አነሱ። እዚያ ልጆቹ የሚጫወቱትን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ይጫወታሉ፣ ከዚያ ምን እንደሠሩ ለመምህራቸው ያወራሉ፤ መምህሯም በየሳምንቱ ቤታቸው ሄዳ ከእናትየው ጋር ትቀመጣለች። እኔ እንደማምነው የተረፋቸው ይሄ ነው፦ ጀምሮ መጨረስ፣ ተራ መጠበቅ፣ የሚሰማቸው ትልቅ ሰው ማግኘት።

አሁን አያቱን አስቢ። ምስር ስትለቅም ጠጠሩን እንደሚለይላት፣ ቡና ሲፈላ ሰው ቆጥሮ ስኒ እንደሚደረድር፣ «ለምን» እያለ እንደሚያደክማት አንቺው ነሽ የጻፍሽው። «ጊዜ ማባከን» አልሽው እንጂ ሒሳቡም ቋንቋውም እዚያ አለ። ቤቱ ሰው ለሌለው ልጅ ከትምህርት በኋላ ጥሩ ማቆያ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ያንቺ ልጅ ግን ሰው አለው። ቀኑን ሙሉ ደብተር ላይ ተደፍቶ ውሎ ማታም ደብተር ምን ይጨምርለታል? በዚህስ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ።

አንቺ ከ10ኛ ክፍል ማቋረጥሽን ነግረሽኛል። ያ ቁጭት ያንቺ ነው፣ ልጁ ላይ ባትጭኚው።

ለጊዜው ማጠናከሪያውን አቁመሽ ብታዪው ጥሩ ይመስለኛል። በሽንቱ አትቆጪው፣ ሕመምም ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ካልተሻለው ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ባለሙያ በአካል አነጋግሩ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ሕክምና አለ። በሳምንት ለውጥ ካላየሽ ደግሞ አትደናገጪ፣ ጊዜ ይወስዳል።