ኮከቡ ዱባ አክሎ የወጣባችሁ

ባለፈው እትም «ያነሳችሁትን የመልክዓ ምድርና የሌሊት ሰማይ ፎቶ ላኩልኝ፣ የቸገራችሁንም ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ላካችሁ፣ ጠየቃችሁ። አንዳንዱ ፎቶ አፌን አስከፍቶኛል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሳቅ በሳቅ አድርጎኛል (የራሴን የድሮ ፎቶዎች እያስታወሰኝ ነው እንጂ በእናንተ አይደለም)። ሁሉንም መመለስ አልችልም፤ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁትን መረጥኩ።

«ሰላም ወንድሜ። ከአጎቴ የወረስኩት አሮጌ ካኖን ከነ18-55 ሌንሱ አለኝ። ሆሳዕና ሰሞን ከጓደኞቼ ጋር ሰሜን ተራሮች ሳንካበር አድረን ፍኖተ ሐሊብን ለማንሳት ሌሊቱን ሙሉ ስለፋ ነበር። ሰማዩ ነጣ ብሎ ኮከቡ ዱባ አክሎ ወጣብኝ። ጓደኛዬ ውድ ሌንስ ካልገዛህ አትልፋ ይለኛል። እውነቱን ነው?» ከጎንደር

ጓደኛህን ተወው። ሁለት ነገር ነው የተበላሸብህ፣ ሁለቱም በነጻ ይስተካከላል።

መጀመሪያ ዱባው። ይሄ የፎከስ ጣጣ ነው። ካሜራ በጨለማ ራሱ ፎከስ ላድርግ ሲል የሚይዘው ያጣል፤ ወዲያ ወዲህ ይልና የሆነ ቦታ ይቆማል። ሌንሱ ጎን ላይ ያለችውን ማብሪያ ከኤኤፍ (ካሜራው ራሱ ፎከስ ከሚያደርግበት) ወደ ኤምኤፍ (በእጅህ ወደምታደርግበት) አዙራት። ሌንሱን 18 ላይ አድርገህ ላይቭ ቪው (ሌንሱ የሚያየውን ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን) ክፈት፣ ደማቅ ኮከብ ፈልግ፣ ስክሪኑ ላይ 10 እጥፍ አጉላው። ከዚያ የፎከስ ቀለበቱን ቀስ እያልክ አዙር። ኮከቡ እያነሰ እያነሰ ይሄድና እንደገና ማበጥ ይጀምራል። በጣም ያነሰበት ቦታ ላይ ተመልሰህ አቁም፣ ቀለበቱ ላይ ፕላስተር ለጥፍ። ከዚህ በኋላ ዙሙንም አትንካ፣ ዙሙ ሲነካ ፎከሱም ይሄዳልና።

ፕላስተሯን አትናቃት። እኔ አንድ ሌሊት እዚያው ሳንካበር ፎከሴን ወለል አድርጌ አስተካክዬ፣ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ሲገባ ጋቢዬን ልከናነብ ስል ጫፉ ቀለበቱን ገፋ አደረገው። አላወቅኩም። እስኪነጋ ሳነሳ አደርኩ። ጎንደር ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ከ140 ፎቶ አንዱም አይረባም፣ ሁሉም ዱባ። ከዚያ ወዲህ ፕላስተር ከቦርሳዬ ጠፍቶ አያውቅም።

ቁጥሮቹን በተመለከተ፦ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ሌንስህ በሚፈቅደው ልክ ክፈተው፣ 18 ላይ 3.5 ነው። አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200። ሸተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) ለማስላት 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር ታካፍላለህ። የአንተ ዓይነት ካኖን ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ስለሚል መጀመሪያ 18ን በ1.6 ታባዛለህ፣ 29 ገደማ ይመጣል፤ 500 ለ29 ሲካፈል 17 ሰከንድ። እኔ 15 ላይ ነው የምጀምረው። ከዚያ በላይ ካስረዘምከው ምድር ስለምትዞር ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ሰረዝ ይሆናል። ሮው (ያልተነካካ ጥሬ ፋይል) አድርገህ አንሳ፣ የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፋው (ትራይፖድ ላይ ሆኖ የሌለ መነቃነቅ ሲፈልግ ራሱ ሊነቃነቅ ይችላል)፣ የ2 ሰከንድ ታይመርም ተጠቀም፣ ጣትህ ሲጫን ካሜራውን ያንቀጠቅጠዋል። ትርፍ ባትሪ ካለህ ኪስህ ውስጥ፣ ገላህ አጠገብ አድርገው። ሰሜን ተራሮች ላይ ብርዱ ባትሪ ይበላል።

ሁለተኛው ጥፋትህ ቀኑ ነው። ሆሳዕና ሰሞን ማን ሂድ አለህ? ፋሲካ እኮ ሙሉ ጨረቃን ተከትሎ ነው የሚውለው። ሆሳዕና ላይ ጨረቃዋ ወይ ሙሉ ናት ወይ መጉደል መጀመሯ ነው፣ ሌሊቱን ታበራዋለች። ሰማይህ የነጣው ለዚህ ነው፣ የሚሊዮን ብር ሌንስም ቢሆን አያድንህም። ሁለት ሳምንት ብትታገስ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ብትሄድ፣ ጨረቃዋ ወይ ጠፍታለች ወይ ቀጭን ሆና በጊዜ ትገባለች። የሚገርመው ደግሞ በዚያው ሰሞን የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ክፍል ከእኩለ ሌሊት በኋላ በደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ከሌሊቱ 9 እና 10 ሰዓት ላይ ደቡብ ሰማይ ላይ ይቆማል። በሌላው ወር ደግሞ ሙስሊም ጎረቤትህን «ዛሬ ወሩ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቅ። የሂጅራ ወር ከ27 እስከ 3 ከሆነ ትራይፖድህን አንሳ፣ 14 እና 15 ከሆነ ተኛ። በሐምሌና ነሐሴ ግን አትድከም፣ ደመናው አያሳይህም።

ስትሄድ ስካውቱን (የፓርኩን ጠባቂ) አስቀድመህ አነጋግረው፣ የመንገዱንም ሁኔታ ጠይቅ። ሌሊት ብቻህን ገደል አፋፍ ላይ እንዳትቆም፣ ካሜራ እያየ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው አይቼ ልቤ ቀጥ ብሏል።

«ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ስቶክሆልም ነው። ፎቶ የተማርኩት እዚሁ በቪዲዮ ነው፣ ‹ጎልደን አወር (ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለው ወርቃማ ብርሃን) ላይ አንሳ› ይላሉ። ለገና ላሊበላ ሄጄ ይህን ብርሃን ስጠብቅ ፀሐይዋ ድንጋይ እንደጣሉባት ወደቀች፣ ቦርሳዬን ሳልከፍት ጨለመ። ምን አጠፋሁ?»

ምንም አላጠፉም፣ የስቶክሆልምን ሰዓት ይዘው ነው ላሊበላ የሄዱት። እኛ ወደ ምድር ወገብ ቅርብ ነን። ፀሐይ የምትጠልቀው ቀጥ ብላ ወደ ታች ነው። እናንተ ጋ ደግሞ አግድም እየተንሸራተተች ነው የምትወርደው። በታኅሣሥ ማለቂያ ስቶክሆልም ላይ እኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ 8 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የምትለው፣ ማለትም ቀኑ አጭር ቢሆንም ሙሉውን ወርቃማ ነው። እኛ ጋ ያ ብርሃን ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ነው፣ በምዕራብ ተራራ ካለ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ቦታ ይምረጡ፣ ትራይፖዱን ይትከሉ፣ አድማሱን ያስተካክሉ። ብርሃኑ ሲመጣ ሥራዎ መጫን ብቻ ይሁን። ከጠለቀች በኋላም ሰዉ ሲበተን እርስዎ ይቆዩ፣ ለ15 እና 20 ደቂቃ ሰማዩ ሰማያዊ ይሆናል፣ ለእኔ ከወርቃማው ይበልጥብኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤተ ጊዮርጊስ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው፣ ጣራው ከመሬቱ እኩል ነው። ዝቅ ያለች ፀሐይ ጣራው ላይ ያለውን መስቀል ትነካለች እንጂ ግድግዳው ጥላ ውስጥ ነው የሚቀረው። ግድግዳውን ከፈለጉ ረፋድ ላይ ወይም ሰማዩ ስስ ደመና ሲለብስ ይሂዱ። በዓል ላይ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ካለ ደግሞ ካሜራው ነጩን አይቶ ይደናገርና ፎቶውን ያጠቁረዋል፣ ትንሽ ብርሃን ይጨምሩለት። ለሚጸልይ ሰው ፍላሽ አያብሩ፣ ይህን ለእርስዎ መንገር አይገባኝም ነበር ግን ያየሁትን ስላየሁ ነው።

እግረ መንገድዎን «ስቶክሆልም ላይ ፍኖተ ሐሊብ ለምን ደማቅ አይደለም?» ብለዋል። ደማቁ ማዕከሉ እዚያ ከአድማስ ብዙም ከፍ አይልም፣ ሊታይ በሚችልበት በበጋ ደግሞ ሌሊቱ በቅጡ አይጨልምም። ግን እናንተ የሰሜን ብርሃን አላችሁ፣ እኛ የለንም። ተከፋፍለናል።

«እኔ ካሜራ የለኝም፣ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። ላንጋኖ ዳር ሆኜ ሰማዩን ባነሳው ጥቁር ሆነብኝ። አይቻልም በሉኝና ልረፍ።» ከሀዋሳ

አይቻልም አልልሽም። ችግሩ እጅሽ ነው፣ የማንም እጅ ለ10 ሰከንድ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ስልኩን የማይነቃነቅ ነገር ላይ አስደግፊው፣ ድንጋይም የጫማ ሶልም ይሆናል። ናይት ሞድ (የጨለማ ፎቶ ማንሻ) ያለው ስልክ መረጋጋቱን ሲያውቅ ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ ራሱ ያስረዝማል፤ አይፎን ለምሳሌ በደንብ ጨለማ ከሆነ እስከ 30 ሰከንድ ይሄዳል። አንድሮይድ ከሆነ ካሜራው ውስጥ ፕሮ የሚል ፈልጊ፣ ሸተሩን ስልክሽ እስከፈቀደልሽ ድረስ አስረዝሚው፣ ፎከሱን ወደ ተራራዋ ምልክት ጎትቺው። ሌንሱንም በነጠላሽ ጥረጊው፣ የጣት ቅባት ሌሊት ላይ መብራቱን ሁሉ ጭራ ያወጣበታል። ለላንጋኖ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ፤ በምዕራቡ ዳር ሆነሽ ስታዪ ሐይቁ በምሥራቅ በኩል ነው የሚሆነው፣ በሚያዝያ ፍኖተ ሐሊብ የሚወጣው በዚያው በኩል ነው። የሪዞርቱን አምፖል ግን ጀርባሽ ላይ አድርጊው።

«ያነሳሁትን የወንጪ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። በሳምንቱ አንድ ድርጅት የራሱ ማስታወቂያ አድርጎት አየሁ፣ ስሜንም ቆርጦ ጥሎታል። ደግሞ ለጓደኞቼ ስልከው ፎቶው ይበላሻል። ምን ላድርግ?» ከአዲስ አበባ

ቀላሉን ልጀምር። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልከው ይጨምቀዋል፣ በጨለማው ሰማይ ላይ ደረጃ ደረጃ የሚመስል ነገር የሚያወጣብህ እሱ ነው። እንደ ፋይል ላከው፣ እንዳለ ይደርሳል። ለሕዝብ ስትለጥፍ ግን ተቃራኒውን አድርግ፦ በረጅሙ ጎን 1500 ፒክሰል አካባቢ አሳንሰህ ለጥፍ። ስልክ ላይ ያምራል፣ ለትልቅ ባነር ግን አይበቃም። ሙሉውን መጠን የሚፈልግ ይደውልልህ።

ስለ ማስታወቂያው፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍ የቅጂ መብት ጥበቃ አለው፣ ስለዚህ ያለ ፈቃድህ ለንግድ መጠቀማቸው ትክክል አይደለም። ግን ፌስቡክ ላይ ከመሳደብህ በፊት ማስታወቂያውን ስክሪንሻት አድርገህ ቀኑን ያዝ፣ ዋናውን የሮው ፋይል አትሰርዝ (ያነሳሁት እኔ ነኝ ለማለት ከሱ የተሻለ ምስክር የለህም)፣ ከዚያ ዋጋህን ጽፈህ ደረሰኝ እንደሚቆርጥ ሰው በትሕትና ላክላቸው። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌ ተከፍሎኛል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ስልኩን ዘግተውብኛል። ሁለተኞቹ ላይ የጻፍኩትን ደብዳቤ አሁንም አስቀምጬዋለሁ፣ ከፈለግህ ናሙናውን ልልክልህ እችላለሁ።