የልጅሽን ጨዋታ ለስልክ ብቻ አደራ አትስጪ

«ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የምትናገረው ሁሉ ያስቃል፣ እንዳልረሳው ምን ላይ ላስቀምጠው? ጥሩ አፕ የምታውቁ አላችሁ?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ መልሱ ሁሉ «ቪዲዮ ቅረጪ» ሲሆንብሽ ዝም ማለት አቃተኝ። ቅረጪ፣ አልከለክልሽም። እኔ ግን ጎንደር ተቀምጬ ሁለት ልጅ አሳድጌያለሁ። የትንሿን ጨዋታ ለጥቂት ነው ያተረፍኩት። አንቺም እንደኔ ከአማትሽ ጋር የምትኖሪ፣ ቤትሽ ሰው የማይጠፋበት ይመስለኛል፤ ስለዚህ ይሠራልሻል።

1. በወረቀት ጻፊ፣ በዕለቱ ጻፊ። ካደረ ነገሩ ትዝ ይልሻል፣ አባባሉ ግን ይጠፋል። ከልጅ ጨዋታ የሚያስቀው ደግሞ አባባሉ ነው። ልጅሽም አድጋ አታስታውስልሽም። ሦስት ዓመት ሳይሞላው የሆነውን አብዛኛው ሰው አያስታውሰውም።

2. እንዳለችው ጻፊ፣ እንዳታርሚ። ትልቁ ልጄ «ነይ» የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። «እማዬ ምጪ!» ነው የሚለኝ። እስኪ አስቢው። «ወጣ» ካልን «ውጣ» እንላለን። «መጣ» ካልን ታዲያ «ምጣ» ማለት አልነበረብንም? «ምጪ» ሲል ከማንም አልሰማውም፣ ራሱ ነው የደረሰበት። አስተካክዬ «እማዬ ነይ አለኝ» ብዬ ብጽፈው ኖሮ ዛሬ ደብተሩ ላይ ምን ይቀረኝ ነበር?

ሰው ግን ማረም ይወዳል። አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ይህንኑ «ምጪ» ክፍል ውስጥ ደጋግማ እያስባለች ልጆቹን አሳቀችበት። ልጄ ከዚያ በኋላ እዚያ ክፍል አፉን አልከፈተም። ሄጄ ባናግራት «በልጅ አፍ እያናገራችሁት ነው የተበላሸው» አለችኝ። ቤታችን ውስጥ በልጅ አፍ የሚያወራ ሰው የለም፤ አማቴ ከሰሙ አይለቁሽም። ልጅ ሲናገር አብሮ መሳቅና በልጅ ላይ መሳቅ የተለያየ ነው። ልጅ ደግሞ ይህን ከአዋቂ በላይ ይለያል።

3. ምን አይታ፣ ምን ሰምታ እንደተናገረች አብረሽ ጻፊ። ያለዚያ ከዓመታት በኋላ ስታነቢው ባዶ ይሆንብሻል። የልጅ ንግግር ውስጥ ሁልጊዜ ምክንያት አለ።

ትንሿ ልጄ መብራት ሲጠፋ «መብራት ሄደ» ስንል ትሰማለች። አንድ ማታ «የት ሄደ?» አለች። አባቷ «ይመጣል፣ ቆይ» አላት። ኩራዝ አብርተን ተቀመጥን። ድንገት በራና የሠፈሩ ልጆች እንደ ልማዳቸው «መጣ! መጣ!» ብለው ጮኹ። እሷ ተነሥታ ሮጠች። እጇ መወርወሪያው ላይ አይደርስም፣ በሩን በመዳፏ እየመታች «ክፈቱለት! ክፈቱለት!» አለች። ከፈትኩላት። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አየችና «የታለ?» አለችኝ። «ይኸው ቤት ውስጥ ነው» ብላት «ታዲያ በየት ገባ?» አለች። ደብተሬ ላይ «የታለ?» ብቻ ብዬ ጽፌ ቢሆን ማን ይገባው ነበር?

የጾሙም እንዲሁ ነው። ሁዳዴ ሊይዝ ሰሞን «ሰኞ ጾም ይገባል» ሲባል ሰምታ «እዚህ ቤት ነው የሚያድረው?» ብላ ጠየቀች። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ «ጾም ተፈታ» ሲሉ «ማን አስሮት ነበር?» አለች። አማቴ ያን ቀን ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው እንጀራውን ትተው ተነሡ።

አማቴ ትልቅ ሰው «አንቱ» ይባላል ብለው ነው ያሳደጓት። ድመቷን ጭራዋን ስትጎትት «ተይ፣ እሷ በዕድሜ ካንቺ ትበልጣለች» አሏት። በማግስቱ ድመቷ አልጋ ላይ ተጋድማ አገኘቻት። ፊቷ ቆማ እጇን አጣምራ «አንቱ ድመት፣ እባክዎ ይውረዱ» አለቻት።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንሄድ ያለችውንም ልንገርሽ። ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው፣ ፊትና ክንፍ ብቻ። አንጋጣ ስታያቸው ቆየችና «ገላቸው ከጣሪያው በላይ ነው፣ እኛን ሊያዩ ጭንቅላታቸውን አስገቡ» አለችኝ በሹክሹክታ። ወንድሟ በተራው የፋሲልን ጥምቀተ ባሕር ደረቅ ሆኖ ነበር የሚያውቀው። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ሲሞላ አይቶ «አፄ ፋሲል ሊታጠብ መጣ?» አለኝ። ከበዓሉ በኋላ ውሃው ሲጎድል በዚያ አለፍን። «ታጥቦ ጨረሰ» አለ፣ እኔን ሳይጠይቀኝ።

4. ስልክ። አሁን ወደሚያቃጥለኝ ነገር መጣሁ።

የትልቁን በደብተር ነበር የያዝኩት። የትንሿን ግን ሁሉም ሰው «ዘመኑ የስልክ ነው» ሲለኝ በድምፅ እቀዳ ነበር። «ቀሚሴን» ለማለት «ጠሚሴን» የምትልበት፣ «ትናንት እንሄዳለን» የምትልበት፣ ለአያቷ ተረት የምታወራበት፣ ሁሉም እዚያ ነበር። በ2015 ክረምት እዚህ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የቀዳሁትን የትም መላክ አልቻልኩም። ያለው አንድ ስልክ ላይ ብቻ ሆነ። ከዚያ ስልኩ ቻርጅ አልቀበል አለኝ።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ስሰጠው «ውስጡ የልጄ ድምፅ አለ፣ እሱ እንዳይነካ» አልኩት። «ችግር የለም እናት» አለኝ። በማግስቱ ስሄድ ስልኩን በጨርቅ እየወለወለ «ሶፍትዌር ሠራሁለት፣ አዲስ ሆኗል» ብሎ ሰጠኝ። ከፈትኩት። ፎቶ የለም፣ ድምፅ የለም፣ ስልክ ቁጥር እንኳ የለም። «የልጄ ድምፅስ?» አልኩት። ቀና ሳይል ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «የሕፃን ወሬ እኮ ነው። ልጅቷ አለች አይደል? እንደገና ቅጃት።» ሒሳቡንም ሙሉውን ተቀበለኝ።

እህቴ፣ አራት ዓመት የሞላት ልጅ የሁለት ዓመቷን አፍ እንደገና አታወራልሽም። «ቀሚሴን» ማለት ከቻለች በኋላ «ጠሚሴን» የለም። ልጅቷ አለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ያቺ የሁለት ዓመቷ ግን የነበረችው እዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ ነበር። በኋላ ሌላ ጠጋኝ ሳማክር ቻርጅ ለማይቀበል ስልክ መጀመሪያ የቻርጅ ማስገቢያው ይታያል እንጂ ውስጡ አይነካም አለኝ። የአሁን ስልክ አንዴ ፎርማት ከተደረገ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ሁሉ ከተጠረገ ደግሞ ተመልሶ የሚገኝ ነገር አትጠብቂ። ስለዚህ ስልክሽን ለማንም ጠጋኝ ከመስጠትሽ በፊት ያለውን ሁሉ ገልብጪ። ስልኩ አልከፈት ካለሽ ደግሞ ጠጋኙን «ፎርማት ካስፈለገ ሳትደውልልኝ እንዳትነካው» በይውና ደረሰኙ ላይ አስጽፊው። ሚሞሪ ካርድ አለኝ ብለሽም አትዘናጊ። የድምፅ ቀረጻ ቅንብሩን ካልቀየርሽው ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ስልኩ ላይ ነው።

እኔን ያዳነኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቡና። አማቴ ጎረቤት ጠርተው አፈሉ፣ እኔ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። «እስኪ ትዝ የሚላችሁን ንገሩኝ» አልኩ። አቦሉ ላይ ብዙም አልወጣም። በረካው ላይ ሲደርስ ግን አንዷ ስትናገር ሌላዋ እያስታወሰች መጻፍ አቃተኝ፣ እጄ ደከመ። እኔ ጨርሶ ያልሰማሁት ሁሉ ነበር፤ ለካ ሥራ ስሄድ ለጎረቤት ስታወራ ትውል ነበር። የድመቷን ነገር አማቴና ባለቤቴ ለየብቻ ነው የሚያስታውሱት። እሱ «ይውረዱ» ብቻ ነው ያለችው ይላል፣ እሳቸው «እባክዎ» ብላለች ብለው ይምላሉ። ሁለቱንም ጻፍኩ። ከላይ የነገርኩሽ የአማቴ ነው፣ እኔ እሳቸውን አምናለሁ።

ሁለተኛው አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ናት። ኢንተርኔቱ ከመቋረጡ በፊት በቴሌግራም የላክሁላትን ድምፅ አንዱንም አልሰረዘችውም። ለጥምቀት ስትመጣ በፍላሽ ገልብጣ ይዛልኝ መጣች። «ጠሚሴን» የምትለው እዚያ ውስጥ አለ። ልጄ ራሷ ስትሰማው «ይቺ ማናት?» አለች። በአንድ እጅ ብቻ ያለን ነገር እንደሌለ ቁጠሪው፤ ከቀዳሽ ያን ዕለት ለሌላ ሰው ላኪ፣ የማይሰርዝ ሰው መርጠሽ።

ስለ ቀኑም ልንገርሽ። ስልክ ቀኑን በፈረንጅ ነው የሚይዘው፣ ቤት ውስጥ የምታስታውሺው በኛ ነው፣ በኋላ ዕድሜዋን ስታሰሊ ይምታታብሻል። ከቀኑ ጎን «ሁለት ዓመት ከአምስት ወር» ብለሽ ዕድሜዋን ጻፊ። ቀኑ ከጠፋሽ «የመስቀል ሰሞን» ማለትም ይበቃል።

ለእንግዳ ስታነቢ ተጠንቀቂ። ትልቁ ልጄ አሁን አፍሮ «ጓደኞቼ ፊት አታንብቢው» ብሎኛል፣ አላነብም። ማታ ብቻችንን ስንሆን ግን ራሱ ደብተሩን አምጥቶ «ምጪ የምለውን አንብቢልኝ» ይለኛል።

አፕ ላልሽው፣ እኔ አንድም አልተጠቀምኩም። ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ መስመር ያለው ደብተር ግዢና ከእስክሪብቶው ጋር በክር እሰሪው፤ እስክሪብቶ ስትፈልጊ ነው ነገሩ የሚጠፋው። የሚሞላው አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ አማትሽም ባልሽም የሰሙትን ያጽፉሽ ወይም ይጻፉ። እስኪ ልጅሽ ሰሞኑን ካለችው አንድ ሁለቱን እዚህ ጻፊልን፤ እሱም አንድ ቦታ ተቀመጠ ማለት ነው።