የአንባቢያን ጥያቄ፦ መንገዱ ደከመው?

ጥያቄ፦ «የተከበሩ መምህርት፣ እንደምን ሰነበቱ? በቅርቡ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርቤ ነበር። ሥራውን ለምን እንደፈለግኩ ሲጠይቁኝ ‹አይ አም ቬሪ ኢንተረስቲንግ› ብዬ መልስ ጀመርኩ። ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቤት ስገባ ታላቅ ወንድሜ ‹ኢንተረስትድ ማለት ነበረብህ› አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ሊያስረዳኝ አልቻለም። ሁለቱም ቅጽሎች ከሆኑ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለማለት የፈለግከው «ሥራው ስቦኛል» ነበር። የተናገርከው ግን «እኔ ሰውን የምስብ ሰው ነኝ» ሆነ። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ አንድም ጉድለት የለበትም፤ የሸሸህ ትርጉሙ ነው።

መፍቻው ደግሞ ከልጅነትህ ጀምሮ በምትናገረው ቋንቋ ውስጥ አለ። አድካሚ እና የደከመው፣ አሰልቺ እና የሰለቸው፣ አስፈሪ እና የፈራ፣ አሳፋሪ እና ያፈረ፤ እነዚህን ጥንዶች ድምፅህን ከፍ አድርገህ በላቸው። አንዱን ከሌላው አደባልቀህ አታውቅም። አማርኛ ስሜቱን የሚያመጣውን ነገር ከቃሉ ፊት «አ» ወይም «አስ» አስቀድሞ ይለየዋል። እንግሊዝኛ ይህንኑ ሥራ ለቃሉ መጨረሻ ሰጥቶታል፦ ስሜቱን የሚያመጣው በ«ኢንግ» ያልቃል፣ ስሜቱ ያደረበት ደግሞ በ«ኢድ»። አሰልቺ ቦሪንግ ነው፣ የሰለቸው ቦርድ ነው። አሳፋሪ ኢምባራሲንግ፣ ያፈረ ኢምባራስድ።

አንዲት ተማሪዬ ስለ ጉዞ በጻፈችው ድርሰት ውስጥ «ዘ ጆርኒ ዎዝ ታየርድ» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። በቀይ ልሰርዘው እጄን ካነሳሁ በኋላ ተውኩትና ከሥሩ በእርሳስ «መንገዱ ደከመው?» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩበት። ደብተሩን ስመልስላት ጥያቄውን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ጥቂት ቆየች። ከዚያ የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት ሰርዛ ከላያቸው አይ፣ ኤን፣ ጂ ጻፈች። እኔ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ስሕተት በደብተሯ አይቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ላንተም የምመክርህ ይህንኑ ነው። ከመናገርህ በፊት ቅጽሉን ወደ አማርኛ መልሰህ «ማን ደከመው? ማን ሰለቸው?» ብለህ ጠይቅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ለሰው ኢድ፣ ለዕቃ ኢንግ» እያሉ የሚያስተምሩ አሉ። ይህን አቋራጭ አልወደውም፤ ተማሪውን መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ወሬው ሰው የሚያሰለች ሰው ራሱ ቦሪንግ ነው፤ ሰው ስለሆነ ብቻ ቦርድ አይባልም። መለኪያው ሰውነቱና ዕቃነቱ ሳይሆን ስሜቱ ከማን መጥቶ ማን ላይ እንዳረፈ ነው።

ቅጽሉን ከሚከተለው መስተዋድድ ጋር አብረህ ያዘው፦ ኢንተረስትድ «ኢን»፣ ቦርድ «ዊዝ»። በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅህ «አይ አም ቬሪ ኢንተረስትድ ኢን ዚስ ጆብ» በልና ቀና ብለህ ተቀመጥ።

ጥያቄ፦ «ልጄን ሳስጠና፣ ከቃል መጨረሻ ‹ፉል› ሲጨመር ‹ያለው›፣ ‹ለስ› ሲጨመር ‹የሌለው› ማለት ነው አልኳት። እሷ ግን ‹ታዲያ ፕራይስለስ እንዴት እጅግ ውድ ማለት ይሆናል?› ብላ አፋጠጠችኝ። ምን ልበላት?»

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ አስባ ነው የጠየቀችው፤ በርቺ ይበሉልኝ። ፕራይስ የመሸጫ ዋጋ ነው። ፕራይስለስ ደግሞ የመሸጫ ዋጋ ሊቆረጥለት የማይቻል፣ እኛ «ዋጋ የማይተመንለት» የምንለው ነው። «ዋጋ ቢስ» ለማለት ከተፈለገ ቃሉ ዎርዝለስ ነው። ይህ «ለስ» በአጻጻፉ «ያነሰ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ቢሆንም ዘሩ ሌላ ነው፤ «የሌለበት፣ ነጻ የሆነ» የሚል ትርጉም ከነበረው የጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ ሀብት ይታየኛል። እንግሊዝኛ አንዱን «ለስ» በሁሉም ቦታ ያስገባዋል፤ እኛ ግን እንመርጣለን። ዋየርለስ ገመድ አልባ ነው፣ ሆፕለስ ተስፋ ቢስ፣ ኬርለስ ግድየለሽ። «አልባ» አለመኖሩን ብቻ ይናገራል፤ «ቢስ» ግን ንቀት ወይም ሐዘን አለበት። ልጅዎ ስትተረጉም ሦስቱን እየቀያየረች ጆሮዋ የሚቀበለውን ትምረጥ።

ደግሞም «ፉል» እና «ለስ» ሁልጊዜ ተቃራኒ ናቸው ብለው እንዳይነግሯት። ኬርፉል ጠንቃቃ፣ ኬርለስ ግድየለሽ፤ እዚህ ድረስ ልክ ነው። ሄልፕፉል ግን የሚረዳ ሰው ሲሆን ሄልፕለስ የማይረዳ ሰው አይደለም፤ ራሱን መርዳት ያቃተው፣ ረዳት ያጣ ነው። የማይረዳውን ሰው አንሄልፕፉል እንለዋለን። ቢዩቲፉል አለ፣ ቢዩቲለስ የሚል ቃል ግን አንጠቀምም። ስትጽፍ ደግሞ «ፉል» ለብቻው ሲቆም ሁለት ኤል እንዳለው፣ ከቃል ጋር ሲጣበቅ ግን አንዱ ኤል እንደሚቀር ያስታውሷት። በደብተር ላይ ከማርማቸው ስሕተቶች ይህን ያህል የሚደጋገም ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ «የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከዴንጀር ዴንጀረስ፣ ከኔሽን ናሽናል፣ ከሂሮ ሂሮይክ ይወጣል። የትኛው ስም የትኛውን ድኅረ ቅጥያ እንደሚወስድ የሚወስን ደንብ ካለ ይንገሩኝ።»

መልስ፦ ልጄ፣ ሁሉንም የሚገዛ ደንብ የለም። ሀብት ሀብታም ይሆናል እንጂ ሀብተኛ አይሆንም፤ ኃይል ኃይለኛ፣ ተራራ ተራራማ፣ ታሪክ ታሪካዊ። ይህን እንደ ሕግ ሸምድደህ አልያዝከውም፤ ቃሉን ከነቅጥያው ሰምተህ ነው የለመድከው። እንግሊዝኛውንም እንዲሁ ስሙንና ቅጽሉን ጎን ለጎን እየጻፍክ ልመደው።

መንገድ የሚያሳዩ ምልክቶች ግን አሉ። በ«ሽን» ድምፅ የሚያልቁ ብዙ ስሞች «አል» ይወስዳሉ፦ ትራዲሽናል፣ ኢሞሽናል። አምቢሽን ግን አምቢሽየስ ይሆናል። የአየር ጠባይ ስሞች ዋይ ይወዳሉ፦ ሬይኒ፣ ዊንዲ፣ ሰኒ፤ በመጨረሻው ላይ ኤን ይደገማል። ፌም ፌመስ ሲሆን የመጨረሻው ኢ ይወድቃል፤ ከሬጅ ከሬጅየስ ሲሆን ግን የ«ጅ»ን ድምፅ ለመጠበቅ ኢው ሳይወድቅ ይቆያል።

አንድ ስም ሁለት ቅጽል ሲያፈራ ነው ይበልጥ መጠንቀቅ ያለብህ። ሂስቶሪክ በታሪክ ትልቅ ቦታ ያለው ነው፤ ሂስቶሪካል ያለፈውን ዘመን የሚመለከት ማንኛውም ነገር። ኢኮኖሚክ ስለ ኢኮኖሚ፣ ኢኮኖሚካል ቆጣቢ። ብዙ ነዳጅ የማይጠጣ መኪና ኢኮኖሚካል እንጂ ኢኮኖሚክ አይባልም።

ጥያቄ፦ «ፍሬንድሊ በ‹ሊ› ስለሚያልቅ ተውሳከ ግሥ ነው?»

መልስ፦ አይደለም፣ ቅጽል ነው። ፍሬንድ ስም ነው፤ «ሊ» ስም ላይ ሲያርፍ ብዙውን ጊዜ ቅጽል ይወጣዋል። ተውሳከ ግሥ የሚያወጣው ቅጽል ላይ ሲያርፍ ነው፦ ከስሎው ስሎውሊ። ስለዚህ «ሂ ስፖክ ፍሬንድሊ» አይባልም፤ «ሂ ስፖክ ኢን ኤ ፍሬንድሊ ዌይ» ይባላል።