ያበጠ ጠባሳና አልትራሳውንድ፦ ጠይቁኝ

ድሬዳዋ ውስጥ አልትራሳውንድ አነሳለሁ። ስለ ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ድንበር አልፎ ስለሚያድግ ያበጠ ጠባሳ፣ ብዙ ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ እዚሁ እመልሳለሁ። ፎቶ አትላኩ። ውፍረት በፎቶ አይለካም።

የሳቢያኗ፦ አልትራሳውንድ ለእርጉዝ አይደል እንዴ?

መልስ፦ ለቆዳም ነው። ጠባሳው ወደ ውስጥ ስንት ሚሊሜትር እንደገባ በዓይን አታውቂውም። ጤነኛ ቆዳ ማሽኑ ላይ ደመቅ ይላል፣ ኬሎይድ ጠቆር ይላል። ዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰት የሚያሳየው የማሽኑ ክፍል፣ ሲበራ ውስጡ ብዙ ደም ከታየ፣ ገና እያደገ ሊሆን ይችላል። የእርጉዝ ፕሮብ (ሰውነት ላይ የሚደረገው የማሽኑ እጀታ) ግን አይሆንም። እሱ ጥልቅ ነው የሚያየው፣ ቆዳ ላይ ይደበዝዛል። ቀጥ ያለው ፕሮብ ነው የሚያስፈልገው፣ የድምፅ ሞገዱ 15 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው።

ባጃጅ ነጂው፦ ወድቄ ትከሻዬ ላይ ጠባሳ አበጠ። ኬሎይድ ነው?

መልስ፦ ከቁስሉ ድንበር አልፏል? ካለፈ ኬሎይድ ሊሆን ይችላል። ድንበሩን ካላለፈ ብዙ ጊዜ እየቆየ ይሟሽሻል። ለቆዳ ሐኪም አሳየው። አታስቆርጠው።

የከዚራው፦ ዋጋውስ?

መልስ፦ የምትነሳበትን ቦታ ጠይቅ።

የመጋላዋ፦ የአክስቴ ልጅ በሎሚ አሽታው ጠፋላት።

ባጃጅ ነጂው፦ አቦ፣ ሎሚ ተቀብቶ በዚህ ፀሐይ?

የመጋላዋ፦ አንተ ሞክረኸዋል?

መልስ፦ ሎሚውን ተዉት። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠል ይችላል። ኬሎይድ ለሚያወጣ ሰው አዲስ ቁስል ማለት ሌላ ኬሎይድ ሊሆን ይችላል።

የለገሃሬው፦ መርፌ ጀምሬያለሁ። መቼ ልነሳ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ብትነሳ ጥሩ ነበር። አሁንም አልረፈደም። ትሪያምሲኖሎን፣ ማለትም ጠባሳው ውስጥ የሚወጋው መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ በየ4 ሳምንቱ ነው የሚወጋው። ከመወጋትህ በፊት ተለካ፣ ከጥቂት መርፌ በኋላ ድገመው። የተለካበትን ነጥብ በስክሪብቶ ምልክት አስደርገህ ፎቶ አንሳው። በሌላው ጎንህ ያለው ጤነኛ ቆዳም አብሮ ይለካ። ጄል በብዛት ይደረግ። የሚያነሳህ ሰው ፕሮቡን ከተጫነ ጠባሳው ተደፍጥጦ ቀጭን ይመስላል። ያኔ መድኃኒቱ ሳይሠራ ሠራ ይባላል። አንዲት ልጅ ደረቷ ላይ ያለው ጠባሳ ከላይ ሲታይ ምንም አልተለወጠም ነበር። መርፌውን ልታቆም ስትል ለካሁት። ከሥሩ 2 ሚሊሜትር ቀንሷል። ቀጠለች።

የሳቢያኗ፦ እሺ፣ የኔ ኬሎይድ ይቆረጥ?

መልስ፦ አታስቆርጡ አላልኩም? ብቻውን ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ከድሮው ይብሳል። ሐኪሙ ልቁረጠው ካለሽ፣ ከቆረጠ በኋላ መርፌ ይኖረው እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂው።