የአጎዛው ፀጉር ለምን ይረግፋል?

ማታ የገፈፍከው የበግ ቆዳ ፀጉሩ እየረገፈ አስቸግሮኛል ብለህ ጠይቀኸኛል። ፀጉሩ እፍኝ እፍኝ እያለ የሚነቀለው ቆዳው ጨው ሳያገኝ ስላደረ ነው። ማታ እንደተገፈፈ ጠቅልለህ ስላሳደርከው ባክቴሪያ የፀጉሩን ሥር አበስብሶታል። ቆዳ ማልፊያው ሸብም ቢሆን ከእንግዲህ አይመልሰውም፤ በዚያኛው ቆዳ አትድከም።

ለሚቀጥለው በግ፦ ቆዳውን ወዲያው ጥላ ውስጥ ዘርግተህ አቀዝቅዘው። ስቡንና የቀረውን ሥጋ ሙልጭ አድርገህ ፋቀው፤ ስብ ካለ ጨው አይገባም። ከዚያ የቆዳውን ክብደት ግማሽ ያህል ደቃቅ ጨው በሥጋው በኩል እሸው። ጠርዙንና የአንገቱን እጥፋት በደንብ አዳርስ፣ ብዙ ጊዜ ጨው የሚዘለው እዚያ ነው። በማግስቱ የራሰውን ጨው አራግፈህ በአዲስ ድገመው።

የደሴ ብርድ ግን አያዘናጋህ። ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም የተጠቀለለ ቆዳ ሙቀቱን ይዞ ያድራል፤ እኔ ያየሁት የሚያምር የደጋ በግ አጎዛ ሁሉ የተበላሸው እንዲህ ነው። ጠራራ ፀሐይ ላይም አትወጥረው፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይበሰብሳል።