14 ቴራባይት ሪስቶር ለማድረግ ስንት ሰዓት አላችሁ?

ጥያቄህን ላሳጥረው። 14 ቴራባይት የደረሰ የኦራክል ዳታቤዝ አላችሁ። እስካሁን በየሌሊቱ ሙሉ ባክአፕ ትወስዱ ነበር። አሁን ሌሊቱ አልበቃ ብሎ ሥራው እስከ ጠዋት ይዘልቃል፣ ሲስተሙም ይንቀራፈፋል። ስታንድባይ (ዋናውን እየተከተለ የሚሄድ ተጠባባቂ ዳታቤዝ) ስላለን ሙሉውን በሳምንት አንዴ፣ በሌሎቹ ቀናት ኢንክሪመንታል (የተለወጠውን ብቻ የሚይዝ ባክአፕ) ብናደርግ ይበቃናል ወይ ነው ያልከው።

ሊበቃም ላይበቃም ይችላል። እኔ ብሆን ባክአፑን ለጊዜው ትቼ መጀመሪያ የሥራ ክፍል ኃላፊዎቹን አነጋግር ነበር። ሲስተሙ ቢወድቅ ስንት ሰዓት ትታገሳላችሁ? ከገባው ዳታ የስንት ደቂቃውን ብናጣ ትችሉታላችሁ? የመጀመሪያው አርቲኦ፣ ሁለተኛው አርፒኦ የሚባለው ነው። "ምንም አንታገስም፣ ምንም አናጣም" ይሉሃል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ወጪውን ስትነግራቸው ትክክለኛው ቁጥር ይመጣል።

ቁጥሩ ሲገኝ ሂሳቡን ሥራው። ሪስቶሩ፣ ማለትም ዳታውን ከባክአፕ መመለሱ፣ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ይጽፋል እንበል። 14 ቴራባይት ለመመለስ 28,000 ሰከንድ፣ ማለትም 8 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ይፈጃል። ይሄ ፋይሎቹን መመለስ ብቻ ነው። ሙሉው ባክአፕ የእሁድ ሆኖ አደጋው ዓርብ ከደረሰ፣ የመሃሉ ቀናት ኢንክሪመንታል ይደረብበታል። በላዩ ደግሞ ከመጨረሻው ኢንክሪመንታል ወዲህ ያለው አርካይቭ ሎግ (የእያንዳንዱ ለውጥ መዝገብ) አለ። ኃላፊዎቹ "4 ሰዓት" ካሉህ ያሰብከው ዕቅድ ገና ሳይጀመር ወድቋል።

"ስታንድባይ አለን" ያልካት ነገር ግን አስደነገጠችኝ። እኛም እንደዚያ እንል ነበር።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ቦታ 6 ቴራባይት ዳታቤዝ ነበረን። አንድ ሐሙስ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ አንድ ባልደረባችን የሙከራ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት ዋናው ላይ አንድ ሠንጠረዥ ትራንኬት አደረገ፤ በውስጡ ያለውን ዳታ በሙሉ አጠፋው ማለት ነው። ጎን ለጎን የተከፈቱ ሁለት ጥቁር መስኮቶች፣ ልዩነታቸው አንዲት ፊደል። ስታንድባዩ ሥራው ዋናውን መከተል ነውና በሰከንዶች ውስጥ እሱም ሠንጠረዡን ባዶ አደረገው። ድሮፕ (ሠንጠረዡን ራሱን መሰረዝ) ቢሆን ኖሮ የተሰረዙ ሠንጠረዦች ከሚቆዩበት ከሪሳይክል ቢን እናወጣው ነበር፤ ትራንኬት ግን እዚያ አይገባም።

ሌላ ሰርቨር ላይ ከቴፕ ሪስቶር ጀመርን። 11 ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ሎጉ መጫን ጀመረ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ የኦራክል የባክአፕና የሪስቶር መሣሪያ የሆነው አርማን ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ስህተት 06054፣ "የማላውቀው አርካይቭ ሎግ ያስፈልገኛል" ማለቱ ነው። የጎደለው አንድ ፋይል ነው፣ የሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት። ለካ ዲስክ ሲሞላ የቆየ ሎግ የሚሰርዝ ስክሪፕት ነበረን፤ ባክአፕ ተደርጓል አልተደረገም ብሎ አያይም። የአምስት ሰዓት ዳታ ሄደ። ሰዎች ከወረቀት እያዩ እንደገና አስገቡት፤ ዓይናቸውን ማየት ያቅተኝ ነበር። አርካይቭ ሎግ በእጅም በስክሪፕትም አታጥፉ። ባክአፕ ያልተደረገ እንዳይነካ ፖሊሲ አውጡና አርማን ራሱ ይሰርዘው።

ስታንድባዩ ዋናው ሰርቨር ሲቃጠል ያድናችኋል። ሰው ሲሳሳት አያድንም። እዚያ ላይ ፍላሽባክ ካበራችሁ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስታንድባዩን ከስህተቱ በፊት ወደነበረበት ደቂቃ መልሳችሁ፣ ለንባብ ብቻ ከፍታችሁ የጠፋውን ሠንጠረዥ ታወጣላችሁ። እኛ ያን ቀን አልነበረንም።

በእናንተ መጠን እኔ የምመርጠው የዳታፋይሎቹን ሙሉ ኮፒ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጦ በየቀኑ ኢንክሪመንታሉን ኮፒው ላይ ማዋሃድ ነው። ሙሉ ባክአፕ የምትወስዱት አንዴ ብቻ ነው። አደጋ ሲመጣ 14 ቴራባይት መገልበጥ የለም፤ ዳታቤዙን ወደ ኮፒው አዙራችሁ የቀረውን ሎግ ብቻ ትጭናላችሁ። እውነት ለመናገር ውድ ነው፣ ዋናውን ሊሸከም የሚችል ፍጥነት ያለው 14 ቴራባይት ተጨማሪ ዲስክ ይፈልጋል። ደግሞ ኮፒው ከተዋሃደበት ጊዜ ወደኋላ አይመለስም። ስለዚህ ማዋሃዱን ሦስት ቀን ያህል አዘግዩት፤ ስህተት የሚታየው ዘግይቶ ነው። ለቆየው ጊዜ ሳምንታዊ ኮፒ ወደ ቴፕ ወይም ወደ ኦብጀክት ስቶሬጅ ይሂድ።

የብሎክ ለውጥ መከታተያውን (የትኛው የዳታ ክፍል እንደተለወጠ የሚመዘግበውን) አብሩ። ካልበራ ኢንክሪመንታሉ ትንሽ ለመጻፍ 14ቱንም ቴራባይት ያነባል፣ የጠዋቱ መንቀራፈፍም አይለቃችሁም። ባክአፑን ከስታንድባዩ ላይ መውሰድም ይቻላል። እዚያ መከታተያውን ለማብራት ግን የአክቲቭ ዳታ ጋርድ ላይሰንስ ያስፈልጋል፣ ሳታረጋግጡ እንዳትነኩት።

ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝም አለን ላልከው፣ በዚህ መጠን ፒጂ-ደምፕ (ዳታውን ወደ ፋይል የሚያወጣው መሣሪያ) አይሆንም። ፒጂ-ባክረስት የተባለውን የባክአፕ መሣሪያ ወይም ከ2024 ወዲህ በስሪት 17 የመጣውን ኢንክሪመንታል እዩ።

ባክአፕ ማንሳት ቀላሉ ነው፤ ከባዱ መመለሱ ነው። በ2017 ጥር መጨረሻ (በፈረንጆቹ) ላይ የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠው ጊትላብ የደረሰበትን ራሱ በይፋ ጽፎታል። አንድ መሐንዲስ ሁለተኛው ሰርቨር መስሎት የዋናውን ዳታ አጠፋ። በፒጂ-ደምፕ ይወሰድ የነበረው ባክአፕ በስሪት አለመመጣጠን ሲከሽፍ ቆይቷል፤ የክሽፈቱ ኢሜይሎች ደግሞ ተቀባዩ ጋ አይደርሱም ነበር። ያተረፋቸው አንድ ሰው ለሌላ ሥራ ብሎ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት በእጁ ያነሳው ስናፕሾት (የዳታው ቅጽበታዊ ቅጂ) ነው። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ባዶ ሰርቨር ላይ ሪስቶር አድርጉ። ሰዓቱን ያዙ፣ ጻፉት። ያን ቀን የሚሠራው ደግሞ ዕቅዱን ያወጣው ሰው አይሁን፤ ከሰነዱ እያነበበ ሌላ ሰው ይሥራው።

ዳታው የተመሰጠረ ከሆነ የቁልፉን ዋሌት (ቁልፉ የሚቀመጥበትን ፋይል) ከባክአፑ ለይታችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ቁልፍ ከሌለ ባክአፑ ዲስክ መሙያ ነው። አንድ ኮፒ ደግሞ ዲቢኤውም (የዳታቤዝ አስተዳዳሪው) ሊሰርዘው የማይችልበት ቦታ ይኑር። ራንሰምዌር (ዳታ ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ፕሮግራም) ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ባክአፑን ነው።

በቀን ስንት ጊጋባይት አርካይቭ ሎግ እንደምታመነጩና ኃላፊዎቹ ስንት ሰዓት እንዳሉ ጻፍልኝ፤ የዲስኩን መጠን አብረን እናሰላዋለን።